በደረቱ ተኝቶ የሚተኩስ ሰው

ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ኃጥእ ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳም ሆነ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ዲያብሎስም ራሱ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም። የኔታ ብርዕ ባስያዙኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩኝ፤ ስሳሳት ደግሞ በአርጩሜ አስታወሱኝ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ በደብረ ታቦርና በፋርጣ ዙሪያ ያሉ አድባራትን ስስል እጄ አንድ ቀን እንኳ አልሳተም። ሰው ያስገደለውም እጄ ሳያስብ የሚሠራው ይኸው ሥራ ነው።

ጣሊያን ከገባ አራተኛው ዓመት ነበር። ኑሩ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤት ነበረኝ፤ ቀለም የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ከጣሊያኖቹ መጋዘን ስኳር ሲገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት አይጥልም፤ ለሌላ መጠቅለያ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ከነዚያ ወረቀቶች አንዱን ይዞልኝ መጣ። ሥራህን የሚሠራ ሰው በእነሱም አገር አለ ለማለት ነው መሰለኝ።

ገጹ እንደ መስኮት በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሏል። ያው አንድ ሰውዬ በየሣጥኑ ይመላለሳል። በአንደኛው መኪና በሁለት እጁ ያነሳል፣ በሁለተኛው ገደል ዘሎ ይሻገራል። በሦስተኛው ወታደሮች ይተኩሱበታል፤ ጥይቱ ከደረቱ ላይ እንደ ሽምብራ ተፈናጥሮ እግሩ ሥር ይወድቃል። ሰውዬው አክሊለ ብርሃን የለው፣ ክንፍ የለው፣ ቀንድም የለው።

የማን ጻድቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ኑሩ በገበያ የለቃቀማት ጣሊያንኛ ነበረችውና ጽሕፈቱን እየነካካ ጻድቅ እንዳልሆነ፣ ሰው እንደሆነ ነገረኝ። ሰው ከሆነማ ጥይቱ ለምን አይገባውም ብዬ ተቆጣሁ። ሰው ከሆነ ሰው ነው፤ የእግዚአብሔር ኃይል ያደረበት ከሆነ ደግሞ ይነገረን። ይህ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ኑሩ ሳቀብኝ። ለልጆች የተሠራ ጨዋታ መሆኑን፣ የጣሊያን ልጅ ራሱ አይቶ ሲጨርስ እውነት ነው ብሎ እንደማያድር አስረዳኝ። ይህ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። እኛ ዘንድ የተሳለ ነገር ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ያልሆነ ነገር ማን ይስላል? ወረቀቱን ግን አልመለስሁለትም።

በዚያው ወር ሙላቴ ከጫካ ወረደ። ሙላቴ የሟች እህቴ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ካሳሁን ከሚባል የፋርጣ ገበሬ ጋር ከሸፈተ ሁለት ዓመት አልፎታል። እንደ መጣ ስለ ካሳሁን ያወራ ጀመር። በርብ ወንዝ ገደል ውስጥ ጣሊያንና ባንዳ ከብበዋቸው አያሌው የሚባል ጓደኛቸው ጭኑን ተመታ። ካሳሁን አያሌውን በጀርባው አዝሎ፣ ከኋላው እየተተኮሰበት፣ ከወንዙ እስከ ደጋው አፋፍ ከጧት እስከ ማታ ወጣ። ሲደርስ ኮቱ አምስት ቦታ ተበስቷል። ሙላቴ አምስቱን ቀዳዳ በጣቱ እንደነካው ነገረኝ። ከኮቱ ሥር ምን እንዳለ እሱም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህንን በስምንት ቅጠል ብራና ላይ ሳልሁት። እንደ ጣሊያኑ ወረቀት ገጹን በሣጥን ከፋፈልሁ፤ አንዱን ሰው በየሣጥኑ አመላለስሁት። ካሳሁን እግረኛ ነው፤ እጄ ግን ነጭ ፈረስ ላይ አስቀመጠው። ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞርሁ፣ ሁለት ትላልቅ ዓይን ሰጠሁት፣ አንዲት ጠብታ ደም አላፈሰስሁበትም። ጣሊያኖቹና ባንዶቹ አንድ አንድ ዓይን ደረሳቸው። በስድስተኛው ቅጠል ላይ ጥይቱ ከደረቱ ተፈናጥሮ ሲወድቅ ሳልሁ። ይህንን ሙላቴ አልነገረኝም። ደስ ስላለኝ ነው የጨመርሁት።

ሥዕሉን እየደጋገምሁ ቀዳሁት። ኑሩ በአቡጀዲ ጥቅል ውስጥ ሸሽጎ ለእብናትና ለሐሙሲት ገበያ አደረሰው። ይህ የሚያሰቅል ሥራ ነው፤ ኑሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ፈራሁ አላለኝም። ገበሬው ብራናውን ሲያገኝ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንደሚያነብ አነበበው። ሁለት ዓይን አለው፣ ነጭ ፈረስ አለው፣ ጥይት አይነካውም፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሰው ብራናውን ይሳለም ጀመር። በእብናት አንዲት እናት ልጄን በደህና ከመለስህልኝ አንድ ጋን ማር ብላ ለካሳሁን ተሳለች። ጎልማሳው በየሳምንቱ ወደ ጫካ ይወጣል። እኔም ኮራሁ። መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ኮራሁ።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ጧት አንድ አጭር፣ ጺሙ የሳሳ፣ የሚያስለው ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ገብስ የጫነች አህያ እየነዳ ደጄ ቆመ። ገብስ አልገዛም ብዬ ላባርረው ስል ሚስቱ ሳቀች። ሰውዬው ገባና ከጆንያው ሥር አንድ ቅጠል ብራና አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው።

«መሪጌታ፣ ይሄ ማነው?»

«ካሳሁን ነው» አልሁት።

«ካሳሁን እኔ ነኝ።»

ስልሳ ጊዜ የሳልሁትን ሰው አላወቅሁትም። መደብ ላይ እንዲቀመጥ አመለከትሁት። ሚስቱ ዘነበች ኩታውን ገልጣ ትከሻው ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈታችው። አንዱ ጥይት በትከሻው ገብቶ ወጥቷል፣ ሌላው ጎድኑ አጠገብ ቀርቷል፤ ቁስሉ መግል ይዞ ይሸታል። አያሌውን ያዘለ ዕለት ነው የተመታው። ጀርባው ላይ ሰው ስለነበረ ደሙ የአያሌው ነው ተባለ እንጂ የራሱም ነበር።

ከዚያ የመጣበትን ነገር ነገረኝ። ባለፈው ውጊያ ሦስት ሰው ሞቶበታል። ሦስቱም ቆመው ነው የሞቱት። ተኙ እያለ ቢጮህባቸው አልተኙም፤ በሥዕሉ ላይ እሱ ቆሟልና እነሱም ቆሙ።

«ቁስሌን አሳየኋቸው» አለ። «ጥይት ገብቶ እንኳ አልገደለውም አሉ። እንደናንተው ሰው ነኝ ብላቸው ትሕትናው ነው አሉ። ከዚህ በላይ ምን ልበላቸው?»

ስለ ሙላቴ ጠየቅሁት፤ ወደ ጫካ ከተመለሰ ወዲህ አላየሁትም። ካሳሁን ሚስቱን አየት አደረገ።

«ሙላቴማ ከሁሉም ይብሳል። ደረቱን ገልጦ ነው የሚቆም። ሰኞ ወደ ጋይንት የሚያልፉትን መኪኖች እንመታለን። እንዲህ ከሆነ ሰኞ ይሞታል።»

እህቴ ስትሞት እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ ይህንኑ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ በገዛ ቀለሜ መትረየስ ፊት አቁሜዋለሁ።

ካሳሁን የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ እንዳለ እንድስለው። ከድንጋይ ኋላ በደረቱ ተኝቶ፣ እየደማ፣ እያነጣጠረ። እዚህ ላይ እኔ መልሼ ተቆጣሁ። በሥዕላችን በደረቱ የሚተኛው ከጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ያለው ዘንዶ ነው። የሚያነጣጥር ሰው ደግሞ ፊቱ ወደ ጎን ነው፣ አንዱን ዓይን ይጨፍናል። በደረቱ የተኛ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ደም የነካው ሰው ብስል ያየው ሁሉ ምን እንደሚል አስረዳሁት። ርኩስ ሆነ ይላሉ። ከዳን ይላሉ። አንተንም ይገድሉሃል አልሁት።

«ይበሉ» አለ። «ቆመው ከሚሞቱ ተኝተው ይስደቡኝ።»

ከዚያ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኛልኝ። ዘነበች የአህያ መንጃ በትሯን እንደ ጠመንጃ አስያዘችው። እጄ ሕጉን አልለቅም ብሎ መጀመሪያ ሁለት ዓይን አወጣ፤ ሰውዬው ሣህን ላይ የተጋደመ የጣና ዓሣ መሰለ። ዘነበች አይታ ይህ የሚተኩስ ሰው አይመስልም አለችኝ። እውነቷን ነው። ፋቅሁት። ሁለተኛም ፋቅሁት። በሦስተኛው ፊቱን ወደ ጎን አድርጌ አንድ ዓይን ብቻ አስቀመጥሁ። በአርባ ዓመት ሥራዬ ደግ ሰው በአንድ ዓይን ስስል የመጀመሪያዬ ነው።

እየሳልሁ አያሌውን እንዴት እንደተሸከመው ጠየቅሁት፤ ይህንንም እንዳለ ልስለው አስቤ ነበር። ካሳሁን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። አያሌውን ሦስት ጊዜ ነው ያስቀመጠው። በሦስተኛው ጊዜ ትቶት ሄዷል። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ከቁጥቋጦ ኋላ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከዚያ ተመለሰና አዘለው። ዘነበች ይህንን ሰምታ አታውቅም ነበር መሰለኝ፣ አንገቷን ደፋች።

«ለምን ተመለስህ?» አልሁት።

«እንጃ። በስሜ ጠራኝ።»

መልአክ አልታየውም፣ ድምፅ አልመጣለትም። ሁለት ጥይት ተሸክሞ፣ ፈርቶ፣ ትቶ ሄዶ፣ ተመልሶ ነው ያንን ገደል የወጣው። እኔ ይህንን ሁሉ በነጭ ፈረስ ሸፍኜው ነበር። ከጣሊያኑ ወረቀት የቀዳሁት ሰውዬ መኪና ሲያነሳ ምንም አልከበደውም፤ የማይከብደው ሰው ማንሳቱ ምኑ ይደንቃል? አፈርሁ። ማስቀመጡን፣ ትቶ መሄዱን፣ ማልቀሱን፣ መመለሱን አንድ በአንድ ሳልሁ፤ ቀይ ቀለሜ እስኪያልቅ ድረስ ደሙንም አፈሰስሁት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብራናውን ይዤ ከጉና ግርጌ ወዳለው ዋሻ ወጣሁ። ሰው ልኬ ቢሆን ኖሮ አያምኑም ነበር። የጣሊያኑንም ወረቀት በጥምጣሜ ውስጥ አጥፌ ያዝሁ። በዋሻው ሠላሳ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ብራናውን ፊታቸው ስዘረጋ መጀመሪያ ለመሳለም ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ያዩትን አይተው ቀና አሉ። አንዱ ወደ ጠመንጃው እጁን ሰደደ። ሙላቴ ግን ወደኔ መጣ። ልጅ ሆኖ ብርዕ ሲቀርጽልኝ የነበረ ሰው፣ የአንድ ዓይን ትርጉም ማንም ሊያስረዳው አያሻም።

«አጎቴ፣ ማን ገዛዎት?»

ካሳሁን ተነስቶ እንዲህ ይሳሉኝ ያልኋቸው እኔ ነኝ አላቸው። ቆሜ አላውቅም፣ እፈራለሁ፣ ተመትቻለሁ አላቸው። ፊታቸውን አየሁ፤ አልሰሙትም። አንድ ሽማግሌ እንባ አውጥቶ እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም አለ። በዚህ ጊዜ ጥምጣሜን ፈታሁና ወረቀቱን ከቀድሞው ሥዕሌ ስድስተኛ ቅጠል አጠገብ ዘረጋሁት። መኪና የሚያነሳው ሰውዬ ለሁሉም ታየ። ጥይቱም እግሩ ሥር ወድቋል።

«ይህ ከጣሊያን ስኳር ጋር የመጣ ነው» አልኋቸው። «የልጆቻቸው ጨዋታ ነው። ጥይቱን ከዚህ ላይ ነው የቀዳሁት። ፈረሱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ካሳሁን ፈረስ የለውም።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያ ሽማግሌ አይቶት ምራቁን ተፋ። ሦስቱን ሟቾች የቀበሩ ሰዎች እዚያው ነበሩ፤ እነሱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አንድ ሰዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ሄዱ። ለሰው ብለን አልወጣንም አሉ። ሙላቴ አልሄደም። እኔንም ግን አላነጋገረኝም፤ ስሸኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝሁም። ኑሩ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እሱ ወደ አምላኩ እኔም ወደ አምላኬ ጸለይን። ማክሰኞም ወሬ የለም። ሙላቴ የመጣው ረቡዕ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ያየሁት ልብሱን ነበር፤ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ በፊት በኩል ጭቃ ጠጥቷል። ተኝቷል ማለት ነው። እጄን ዘርግቼ ጭቃውን ነካሁትና እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ ካሳሁን መሞቱን ነገረኝ።

ሁለት መኪና አቃጥለው ነበር። ከኋላ ባለ መትረየስ ሦስተኛ መኪና እንዳለ አላወቁም። ከላይ ያለውን ጉብታ እንዲይዙ የታሰቡት የሄዱት አሥራ አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ጉብታው ባዶ ነበር። ሁሉም ቦይ ውስጥ ተኙ፤ መትረየሱ ከላያቸው ሣሩን ያጭደው ጀመር። ቀና ያለ ይሞታል፣ የቆየም ይሞታል። ካሳሁን በደረታችሁ ወደ ገደሉ ተሳቡ አላቸው። ከዚያ እሱ ተነሳ።

«ቆመ፣ አጎቴ» አለኝ ሙላቴ። «እንደሚመታ እያወቀ ቆመ። እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። እየተኮሰ ወደ ማዶ ሄደ፣ መትረየሱም ወደሱ ዞረ። እኛ በዚያ መሃል ወጣን።»

ማታ ተመልሰው በድንጋይ ሥር ቀብረውታል። ሙላቴ ይህን ተናግሮ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አሥራ አንዱ ባይሄዱ ኖሮ ካሳሁን ይኖር ነበር? እኔ ባልናገር ኖሮስ ሙላቴ ቆሞ ይሞት ነበር? ይህንን አስቤ አልጨረስሁትም፤ እስከ ሞቴ ድረስም የምጨርሰው አይመስለኝም።

ልቅሶው ቅዳሜ በካሳሁን መንደር ሆነ። ከእብናትም ከሐሙሲትም ሰው መጥቶ ሜዳው ሞላ፤ ኑሩም ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር መጥቶ ነበር። ነገር ግን የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ጧፍና ማር ይዘው ነው የመጡት። አልሞተም፣ ተሰወረ ይላሉ። አንዱ ሐሙስ ዕለት በጉና ላይ በነጭ ፈረስ ሲያልፍ አየሁት ብሎ ይምላል። ለተሰወረ ደግሞ አይለቀስም። ሴቶቹ ወደ ዘነበች እየቀረቡ እግሯን ይስማሉ፣ የታደልሽ ይሏታል። እሷ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ብቻዋን እንዴት ብላ ታልቅስ?

ከሰው ሁሉ መሃል ለይታ አየችኝ። ተነስታ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«መሪጌታ፣ ለባሌ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም» አለችኝ። «እኔ ያገባሁት ሰው ነው። አንቱ ነዎት የወሰዱብኝ፤ አንቱው ይመልሱልኝ።»

ጥምጣሜን አወለቅሁና መሬት ላይ ጣልሁት። ብቻዬን ወደ ሜዳው መሃል ገባሁ። ደረቴን እየደቃሁ ካሳሁን ሞቷል አልሁ። አጭር ነበር አልሁ፣ ያስለው ነበር፣ ይፈራ ነበር፣ ተመትቶ መግል ይዞት ነበር፣ አስቀምጦ ትቶ ሄዶ አልቅሶ ነው የተመለሰው አልሁ። ሰው ጧፉን እንደያዘ ያየኛል። አንዱ ቄስ ክንዴን ይዞ ሊያወጣኝ ሞከረ፤ መነጨቅሁት። አርጅቻለሁና ድምፄ ቶሎ ሰለለ።

በዚህ ጊዜ ሙላቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አፈር ያለበስሁት በእጄ ነው አለ፣ ሬሳው ቀዝቅዞ ነበር አለ፤ ሌላ ሊጨምር ብሎ አልቻለም፣ እየጮኸ ማልቀስ ጀመረ። ከዋሻው የመጡት ተከተሉት። ከሴቶቹ መሃል አንዲት አሮጊት የያዘችውን ጧፍ መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ።

ዘነበች መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።